ከማረጋጊያ መርፌ በፊት ምን መመልከት አለብን? የአእምሮ እድገት ውስንነት ካላቸው አዋቂዎች ጋር በመኖሪያ ማዕከል ለምትሠሩ

የቀን ተረኛዋ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምሠራው እዚህ ሐዋሳ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸው አዋቂ ሴቶችና ወንዶች በሚኖሩበት አንድ አነስተኛ ማዕከል ነው። ሥራዬ ነዋሪዎቹን በመታጠብ፣ በመልበስ፣ በመመገብ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ በመውሰድና ከግቢ ውጭ በመንቀሳቀስ መደገፍ ነው። ሙያውን በትምህርት ቤት ተምሬው ሳይሆን በሥራው ላይ ሆኜ እየተማርኩት ስለሆነ፣ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጥያቄዬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ አንድ ነዋሪን ይመለከታል። የሚናገራቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የሚወደውንና የማይወደውን በፊቱና በእጁ አጥርቶ የሚያስረዳ፣ ጠዋት የቡናውን ሲኒ ማጠብ የእሱ ድርሻ እንደሆነ ሁላችንም የምናውቅለት፣ ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ዳር ስንወርድ ከሁላችን ቀድሞ በሩ ላይ የሚቆም ሰው ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ምግብ ሲቀርብለት አንድ ሁለት ጊዜ ከጎረሰ በኋላ ሳህኑን ይገለብጣል፣ የእጁን ጀርባ ይነክሳል፣ ገላውን ልናጥበው ስንጠጋ ይገፈትረናል፣ ሌሊትም እየተነሣ በኮሪደሩ ይመላለሳል። በቅርቡ አንዲት ባልደረባችን ገፍትሯት ወድቃ ክንዷ አብጦ ነበር።

ከባልደረቦቼ ከፊሉ ወደ ሐኪም ወስደነው የሚያረጋጋ መርፌ እንዲታዘዝለት፣ እስከዚያው ደግሞ በምግብ ሰዓት ክፍሉ ተዘግቶበት ብቻውን እንዲበላ ይፈልጋሉ። አልፈርድባቸውም፤ ብዙ ነዋሪዎችን ይዞ ብቻውን የሚያድር ሠራተኛ ቢፈራ አይገርምም። ቤተሰቦቹን ስንጠይቅ «እሱ እኮ ሕፃን ማለት ነው፤ እናንተው እንደሚበጅ አድርጉ» ይሉናል። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ የማውቀው ሰው ያለ አንዳች ምክንያት እንዲህ ይለወጣል ብዬ ለማመን አልቻልኩም። ከመርፌው በፊት ምን መመልከት፣ ምን መመዝገብ፣ ለማን ምን ማለት ይገባኛል? በሩን መዝጋቱስ ተገቢ ነው?

ሲስተር ከአዳማ

እኅቴ፣ የያዙትን ሐሳብ አይልቀቁት። ለዓመታት በነርስነት ስሠራ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸውን ሰዎች በተመላላሽም ሆነ በተኝቶ ሕክምና ክፍል አስተናግጃለሁ፤ ጠባዩ ተለወጠ ተብሎ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ መመርመር ያለበት ከሕመም አንጻር እንደሆነ በጽኑ አምናለሁ። ሕመሙን በቃል መግለጽ የማይችል ሰው የሚገልጸው በድርጊት ነው። ይነክሳል፣ ይገፋል፣ አልበላም ይላል፣ እንቅልፍ ያጣል። አሳዛኙ ነገር ብዙ የጤና ባለሙያዎች ይህን ሁሉ አይተው «ያው ከአእምሮው ነው» ብለው ማለፋቸው ነው። መናገር የሚችል ሰው መጥቶ «ሁለት ጊዜ ከጎረስኩ በኋላ መቀጠል አልችልም፤ ሌሊትም አልተኛም» ቢላቸው ኖሮ ወዲያውኑ አፉን እንዲከፍት ይጠይቁት ነበር።

እኔም የምጀምረው ከአፉ ነው። እርስዎ ከጻፉት ውስጥ ትልቁን ፍንጭ የሰጠኝ መጉረሱ ነው፤ የምግብ ፍላጎት የሌለው ሰው ከመጀመሪያውም አይጎርስም። ይህ ሰው ይርበዋል፣ ይጎርሳል፣ ከዚያ አንድ ነገር ያስቆመዋል። በየትኛው ጎኑ እንደሚያኝክ፣ ትኩስ ሻይ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጣ ፊቱን እንደሚያጨማድድ፣ ምራቁ ከወትሮው በዝቶ እንደሆነ፣ የትንፋሹ ጠረን ተለውጦ እንደሆነ፣ እጁ ወደ ጉንጩ ወይም ወደ ጆሮው ይሄድ እንደሆነ ልብ ይበሉ። ለብ ያለ አጥሚት ወይም ለስላሳ ገንፎ ያቅርቡለት። እሱን ሳያቋርጥ ጨርሶ ጠንከር ያለውን ምግብ ብቻ የሚገለብጥ ከሆነ ጥርስ፣ ድድ ወይም ጉሮሮ ነው ብለው ይጠርጥሩ። ፈቃደኛ ከሆነ በእጅ ባትሪ አፉን መመልከት ይቻላል፤ እምቢ ካለ ግን በግድ እንዳይከፍቱት፣ ጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ሲደርስም አልከፍትም እንዲል ያደርገዋልና።

ቀጥሎ ሆዱን ይመልከቱ። በመኖሪያ ማዕከል ለሚኖሩ ሰዎች የሆድ ድርቀት እንደ ቀላል ነገር የሚታይ፣ ነገር ግን ችላ ከተባለ አንጀትን እስከ መዝጋት የሚደርስ አደገኛ ችግር ነው። ውኃ በበቂ አለመጠጣት፣ ብዙ ሰዓት መቀመጥ፣ እንዲሁም አንዳንድ መድኃኒቶች ያባብሱታል። መጨረሻ የተጸዳዳበትን ቀን ከሠራተኞቹ መካከል የሚያውቅ መኖሩን ይጠይቁ፤ ማንም የማያውቅ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ መመዝገብ አለበት። ሽንት ሲሸና መጨነቁን፣ ከጆሮው ፈሳሽ መውጣቱን፣ በሚታጠብበት ጊዜ የሚገፋችሁ የትኛው የሰውነቱ ክፍል ሲነካ እንደሆነም ያስተውሉ። አንድ የአካባቢያችንን ነገር ልጨምር። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ እዚህ አጠገባችን በወንጂ ግን ከዚያ የሚበልጥ ውኃ ለዘመናት የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው ከመበለዙ አልፎ አጥንትና መገጣጠሚያቸው የተጎዳ አሉ። ነዋሪው እንዲህ ዓይነት ውኃ ባለበት ቦታ አድጎ ከሆነ ክንዱን ወይም ጀርባውን ሲያነሡት ሊያመው እንደሚችል ለሐኪሙ መንገር ይጠቅማል።

መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ዝርዝሩን ይያዙ። የሚጥል በሽታ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካላቸው ሰዎች ከአምስቱ በአንዱ ላይ ያህል ይገኛል፤ ስለዚህ በየማዕከሉ ፌኖባርቢታል የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይጠፋም። ይህ መድኃኒት ብዙዎችን የጠቀመ ቢሆንም አንዳንዱን ሰው ያነጫንጨዋል፤ መጠኑ ተጨምሮ ወይም ሳይወስደው የቀረበት ጊዜ ኖሮ እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል። ነገር ግን ማንም ሰው በራሱ ውሳኔ በድንገት እንዳያቋርጠው፤ ማቋረጡ ራሱ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ለጸበል ሲባልም እንዲቆም የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ፣ ጸበሉንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን መውሰድ እንደሚቻል በአክብሮት ማስረዳት ነው። በነገራችን ላይ የሚጥለው ሰው ሲወድቅ ክብሪት ማሽተትና በጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባት ዛሬም በየቦታው አለ። ሁለቱም አይረዱም፣ ማንኪያው እንዲያውም ይጎዳል። በጎኑ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱ እንዳይመታ ለስላሳ ነገር አድርጎ፣ ሰዓት መያዝ ነው፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ወደ መርፌው ልመለስ። ለማረጋጊያ የሚወጉት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡና ለዚያ ዓላማ በእርግጥም የሚጠቅሙ መድኃኒቶች ናቸው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለው ሰውም የአእምሮ ሕመም ሊይዘው ስለሚችል፣ ሕመሙ በምርመራ ከተረጋገጠ ሊከለከል አይገባም። ያለ ምርመራ፣ ለጸጥታ ብቻ ሲሰጡ ግን የጥርስ ሕመሙ በቦታው እንዳለ ሰውየው የሚናገርበትን ብቸኛ መንገድ እንነጥቀዋለን። ከዚህም ሌላ ሃሎፔሪዶል በአንዳንድ ሰው ላይ ቁጭ ማለት የማያስችል ቁንጥንጥነት ያመጣል፤ ሠራተኞች ይህን አይተው «አልበቃውም» ይሉና ይጨመርለታል። ክሎርፕሮማዚን ደግሞ ሆድ ያደርቃል፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰውም መንቀጥቀጡን ሊቀሰቅስበት ይችላል።

ለመመዝገብ የተለየ ቅጽ አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር ይበቃል። የሚጻፈው የታየው ነገር ብቻ ይሁን፤ «አስቸገረ» ወይም «ተናደደ» የሚለው አስተያየት ስለሆነ ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ሐሙስ፣ 6 ሰዓት ተኩል። እንጀራ በምስር ወጥ ቀረበለት። ሁለት ጊዜ በግራ በኩል ጎረሰ፣ ማኘኩን አቆመ፣ እጁን ጉንጩ ላይ አደረገ፣ ሳህኑን ገለበጠ። ሙዝ ሲሰጠው በላ።» እንዲህ ያለ ማስታወሻ ለጥቂት ቀናት ተጽፎ ሲቀርብ ሐኪሙ የሚመለከተው ሌላ ነገር ይሆናል። ሲሄዱም በደንብ የሚያውቀው ሰው አብሮት ይሂድ፤ ወረፋው ሳይበዛ ጠዋት ይሂዱ፤ የመጀመሪያው ቃልዎም «የሚያረጋጋ ይታዘዝልን» ሳይሆን «እንዲህ ዓይነት ሰው አልነበረም፤ የሚያመውን ፈልጉልን» ይሁን።

የአብነት ታላቅ እኅት (ስሙ የእውነት ስሙ አይደለም)

ሲስተር ያሉት ሁሉ እውነት ነው። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ዳውን ሲንድረም (ከውልደት ጀምሮ ያለ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት የሚያስከትል ሁኔታ) ያለው ታናሽ ወንድም አለኝ። እናታችን ካረፈች በኋላ ከእኔ ጋር የሚኖር፣ ጢሙን በየሳምንቱ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ የሚላጭ ሰው ነው። ስለዚህ «ሕፃን ማለት ነው» የምትለዋ ንግግር የምትመጣው ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቤተሰብ ይህን የሚለው ልጁን ሰው እንዳይቆጣበት፣ እንዳይመታበት ለመለመን ነው። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ሰው ሕፃን ያደረገው እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማንም ፈቃዱን አይጠይቀውም፤ ሲታጠብ በር አይዘጋለትም፤ የሚለብሰውን ሌላው ይመርጥለታል፤ ከገፋ ደግሞ «አድጎ አስቸገረ» ይባላል። አንድ አዋቂ ወንድ ሌላ ሰው ሳያስፈቅደው ልብሱን ሊያወልቅለት ሲጠጋ ቢገፈትረው እኔ አይገርመኝም።

እርስዎን የምመክረው ቤተሰቡን «ምን እናድርግ?» ብለው እንዳይጠይቁ ነው። እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ቤተሰብ መልሱ ሁልጊዜ «እናንተ ታውቃላችሁ» ነው። ይልቁንስ እናቱን ወይም ያሳደገችውን ሴት ያግኙና «ልጅ ሳለ ሲያመው ምን ያደርግ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። እናት ይህን አትረሳም። የእኔ ወንድም ጆሮውን ሲያመው የሚያደርገው ጫማውን አውልቆ መወርወር ነው፤ ከእኛ ቤት ሰው በቀር ማንም ይህን ሊያውቅ አይችልም። ከአያቱ ቤት ወይም ከገጠር የመጣ ከሆነ ምን ይበላ እንደነበር፣ ማን ያጥበው እንደነበር፣ በምን ይፈራ እንደነበር ይጠይቁና ይጻፉት። ቤተሰቡ ሲያልፍ ዕውቀቱም አብሮ እንዳያልፍ ይህ ጽሑፍ በማዕከሉ መቀመጥ አለበት።

ዳውን ሲንድረም ያላቸው ነዋሪዎች ካሏችሁ ደግሞ የታይሮይድ እጢ መድከም በእነሱ ላይ ስለሚበዛ፣ መፍዘዝና መወፈር ሲታይ በደም ምርመራ ማጣራት ይገባል። ዕድሜያቸው አርባን ሲሻገር የመርሳት በሽታ ከሌላው ሰው ቀድሞ ሊጀምራቸው እንደሚችልም እወቁ፤ የሚያውቀውን ሥራ ድንገት መሥራት ያቃተውን ሰው «ሰነፈ» እንዳትሉት።

ስለ በሩ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በሀገራችን እንዲህ ያሉ ልጆች እንግዳ ሲመጣ ጓሮ ክፍል ውስጥ ሲዘጋባቸው ኖሯል፤ ዛሬም ያልተዉ ቤቶች አሉ። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከዚያ ክፍል ወጥተው ወደ ማዕከል የሚገቡት በር እንዲከፈትላቸው ነው። እባካችሁ አትዝጉበት።

የማዕከል አስተባባሪ

በሩን በተመለከተ ከስሜቱ ባሻገር ሁለት ጉዳዮች አሉ፤ አንዱ አደጋ፣ ሌላው ሕግ ነው።

የአደጋው ነገር ግልጽ ነው። ለማኘክ የሚቸገር ሰው ተዘግቶበት ብቻውን ሲበላ ቢታነቅ ድምፁ አይሰማም። የሚጥል በሽታ ካለበትም እንዲሁ። እሳት ቢነሣ ቁልፉ በማን ኪስ እንዳለ ሲፈለግ ጊዜ ያልፋል። በምግብ ሰዓት ጫጫታው የሚረብሸው ከሆነ መፍትሔው ከሌሎቹ ትንሽ ቀደም ብሎ ወይም በረንዳ ላይ፣ አንድ ሠራተኛ አጠገቡ ተቀምጦ አብሮት እየበላ እንዲመገብ ማድረግ ነው። ይህ ከመዝጋት የሚለየው መውጣት ሲፈልግ የሚወጣ በመሆኑ ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች በሕግ ፊት ከሌሎች እኩል ችሎታ (ስለ ራሳቸው ጉዳይ የመወሰን መብት) እንዳላቸው፣ አንቀጽ 14 የአካል ጉዳት መኖሩ ብቻውን ነፃነትን ለመንፈግ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል፣ አንቀጽ 19 ደግሞ ከኅብረተሰቡ ጋር ተቀላቅሎ የመኖር መብትን ይደነግጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ መነሻው ማንኛውም ሰው ችሎታ አለው የሚል ሲሆን፣ በፍርድ የተከለከለ፣ ማለትም ይህን ችሎታ ያጣ የሚባለው ሰው ፍርድ ቤት የወሰነበት ብቻ ነው። ስለዚህ ወንድም ወይም አጎት «አድርጉ» ስላለ ብቻ አንድን አዋቂ መዝጋት ወይም መርፌ ማስወጋት እንችላለን ብለን ማሰብ የለብንም። ስለ ምርመራው አስቀድሞ ለራሱ ይነገረው፤ ወደ ጥርስ ሐኪም እንደሚሄድ የክሊኒኩን በር ፎቶግራፍ አሳይቶ፣ ወንበሩን አሳይቶ፣ በእጁ አፉን እያመለከቱ ማስረዳት ይቻላል። ብዙ ቃል የማይናገር ሰው ብዙ ይገባዋል።

ባልደረቦችዎን በተመለከተ ግን አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። የተገፈተረችው ሠራተኛ ጉዳቷ ተመዝግቦ መታከም አለባት፤ ስለ ነዋሪው መብት የምንናገረው የእሷን ጉዳት እያቃለልን ከሆነ ማንም አይሰማንም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ የተደነገገው በከንቱ አይደለም። ሌሊቱን ብቻውን አድሮ ጠዋት ቁርስ የሚያቀርብ ሠራተኛ ትዕግሥቱ ቢያልቅ ተጠያቂው የተረኛ ሰሌዳውን ያወጣው ኃላፊ ነው። በዚህ ጉዳይ ለሥራ አስኪያጃችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የምግብና የመታጠቢያ ሰዓት ላይ አንድ ሰው እንዲጨመር ጠይቁ። እንደ እኔ እምነት ብዙ መርፌ የሚታዘዘው በሰው እጥረት ምክንያት ነው።

የቀን ተረኛዋ (ሐዋሳ)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የሆነውን ላሳውቃችሁ።

ደብተሩን ከባልደረቦቼ ጋር መጻፍ ጀመርን። በመጀመሪያ አንዳንዶቹ የወረቀት ሥራ ተጨመረብን ብለው ነበር፤ ነገር ግን በአራት የተለያዩ ሰዎች እጅ የተጻፈው ሁሉ ወደ ግራ ጉንጩ ሲያመለክት ራሳቸው ተገረሙ። አክስቱን ስልክ ደውዬ «ልጅ ሳለ ሲያመው ምን ያደርግ ነበር?» ብዬ ስጠይቃት ምንም ሳታስብ «እጁን ይነክስ ነበር» አለችኝ። ጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ስንሄድ ሲኒ የሚያጥብበትን ፎጣ ትከሻው ላይ አድርጎ እንዲሄድ ፈቀድንለት፤ ወንበሩ ላይም መጀመሪያ እኔ ተቀምጬ አፌን ከፍቼ አሳየሁት። በግራ በኩል የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ እስከ ሥሩ ተበልቶ ድዱም መግል ይዞ ተገኘ። መጀመሪያ ኢንፌክሽኑን የሚያጠፋ መድኃኒትና የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት፣ በኋላ ተመልሶ ተነቀለለት። አሁን ይበላል፣ ሌሊትም ይተኛል። የመርፌው ነገርም ቀርቷል።

የገላ መታጠቡ ጉዳይ ግን አልተፈታም። ሕመሙ ከተወገደም በኋላ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ስንወስደው በሩ ላይ ይቆማል፣ ልብሱን ስንነካ እጃችንን ይገፋል። የምታጥበው ከእኛ ከሴቶቹ መካከል ተረኛ የሆነችው ናት፤ ጊዜው ጠዋት ከቁርስ በፊት ነው። ውኃው ቀዝቃዛ ነው ብለን አሙቀንለትም አይተናል። በዚህ ላይ ምን ትላላችሁ?

የማታ ተረኛ ወንድም

እኔም እዚሁ ሐዋሳ በሌላ ማዕከል እሠራለሁ። የጥርሱ ነገር መገኘቱ አስደስቶኛል። የመታጠቡን ነገር እንደ አዲስ ጉዳይ ያዙት፤ አንድ ሰው ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላሉ።

በመጀመሪያ ወንድ ሠራተኛ ካላችሁ ወንድ ያጥበው። ከቤተሰቦቹ ቤት ወንድሙ ወይም አጎቱ ሲያጥበው ያደገ ሰው በተለያዩ ሴቶች እጅ ራቁቱን መቆም ሊያሳፍረው እንደሚችል መገመት አያዳግትም፤ ኀፍረት ደግሞ በዕውቀት መጠን የሚለካ ነገር አይደለም። ወንድ ሠራተኛ ከሌለ ለሥራ አስኪያጁ በምታቀርቡት ጥያቄ ላይ ይህንንም ጨምሩት። እስከዚያው ከወገቡ በታች ፎጣ አገልድሞ ይታጠብ፤ በሩ ይዘጋ፤ ሌላ ነዋሪ ወይም ሠራተኛ እየገባ እየወጣ አያቋርጠው።

ሁለተኛው የሰዓቱ ነገር ነው። ጠዋት ከቁርስ በፊት የሚታጠበው ለማን ምቾት ሲባል ነው? በአብዛኛው ለተረኛ ለውጡ ነው። የሐዋሳ ጠዋት አንዳንዴ ይቀዘቅዛል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲሞቅ፣ ወይም ከሐይቁ ዳር ሲመለስ ላብና አቧራ ይዞት ሳለ ቢጠየቅ እሺ የሚልበት ዕድል ይሰፋል። ሁለት ሸሚዝ አሳይታችሁ «ከታጠብክ በኋላ የትኛውን?» በሉት። ሳሙናውንም ገበያ አብሯችሁ ሄዶ አሽትቶ ይምረጥ። በየቀኑ ሙሉ ገላውን መታጠብ እንዳለበት የደነገገም የለም፤ ፊቱን፣ እጁን፣ ብብቱንና እግሩን ከታጠበ ሌላው ቀን ሊጠብቅ ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን እሱ ራሱ የሚሠራው ድርሻ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ሲኒ አጥቦ የሚያደርቅ ሰው እግሩን ማጠብና ማድረቅ አያቅተውም። እኛ ጋር አንድ ነዋሪን ስናስተምር የጀመርነው ከመጨረሻው እርምጃ ነው። ሠራተኛው ሁሉንም አጥቦ ፎጣውን በእጁ ይሰጠዋል፤ ደረቱን የሚያደርቀው እሱ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ሥራው ያልቃል፣ ይመሰገናል፣ ይወጣል። ያን በደንብ ሲይዝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ሳሙናውን የሚያለቀልቀው እሱ ይሆናል፤ ከዚያ ጆጉን ይዞ ውኃውን የሚያፈስሰው እሱ ይሆናል። ከመጨረሻው መጀመር የሚጠቅመው ሰውየው በየጊዜው ሥራውን የሚፈጽመው ራሱ ስለሚሆን ነው፤ ከመጀመሪያው ከጀመራችሁ ግን ሁልጊዜ መሐል ላይ ተረክባችሁ ትጨርሱበታላችሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ለሠራተኛውም ከማጠብ ይልቅ እጅን ሰብስቦ መጠበቅ ይከብዳል። አንዲት ባልደረባችን እጇን ወደ ኋላ አጣምራ እየቆመች ነበር የለመደችው።

በሩ ላይ ሲቆም አትጎትቱት። በሩ ላይ መቆሙ እስከዚያ ድረስ ፈቃደኛ ነኝ ማለቱ ነውና ባልዲውን፣ በርጩማውንና ፎጣውን አውጥታችሁ እዚያው በሩ አጠገብ እግሩን በማጠብ ጀምሩ። ከዚያ በየጥቂት ቀኑ በርጩማውን ወደ ውስጥ ትንሽ ገፋ ማድረግ ይቻላል። ተረኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንዲከተሉ ግን በደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት፤ ሰኞ ተረኛዋ በትዕግሥት ጠብቃ ማክሰኞ ሌላዋ በጥድፊያ ብትጎትተው እንደገና ከዜሮ ነው የምትጀምሩት። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል የሚያንሸራትት ከሆነም ከዚህ ሁሉ በፊት ላስቲክ ምንጣፍ አንጥፉበት፤ አንድ ቀን ተንሸራቶ ወድቆ እንደሆነ የቀድሞ ተረኞችን ጠይቁ።